ከፊልሙ የጎደሉት አስራ አንድ ደቂቃዎች

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ ለአስራ ዘጠኝ ዓመት ሲያስተረጉመው የኖረውን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አየ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣ። ሻይ ቤት ገብቶ ሻይ አዘዘ። ሻዩ ሳይመጣ ተነስቶ ሄደ። አስተናጋጇ ብርጭቆውን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም እሱ መንገዱን ተሻግሯል።

ሰፈሩ የሚያውቀው ጋሽ ማይክ በሚል ስም ነው። ሥራው ፊልም ማስተርጎም ነው። ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ይናገራል፤ እሱ ከሸራው በስተቀኝ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በግራ እጁ የፊልሙን ድምፅ ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ በቀኝ እጁ ማይክራፎኑን ይዞ ሰዎቹ የሚሉትን ይላል። ወንዱም፣ ሴቷም፣ ሕፃኑም፣ ማሽኑም እሱ ነው። አባቱ በአውቶቡስ መናኸሪያ የከተማ ስም እየጠራ ተሳፋሪ የሚሰበስብ ለፋፊ ነበርና ጉሮሮውን ከእሱ ወርሷል። ቋንቋውን ደግሞ አስር ዓመት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሲሠራ ከእንግዶች አፍ ለቃቅሟል። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነው። ሌላ ሙያ የለውም።

ፊልሙ "ጣቢያ አርባ" ይባላል። ጉዳዩ ወደፊት በሚመጣ ዘመን ነው። ፀሐይ በማይደርስበት ሩቅ ጨረቃ ላይ አርባ ሁለት ሰዎች ማዕድን ያወጣሉ። የሚቆፍሩት ማሽኖች ናቸው። ማሽኖቹ ትኩስ ድንጋይ እያሸተቱ እንዲሄዱ ታዘዋል። አንድ ቀን ትኩስ ድንጋዩ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በጨረቃዋ ላይ የሚሞቅ ነገር የሰው ገላ ብቻ ነው።

ጋሽ ማይክ ስለዚህ ፊልም ሲጠየቅ ሁልጊዜ በዚህ ይጀምራል። ማሽኖቹ ክፉ አይደሉም ይላል። ሥራቸውን ነው የሚሠሩት። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ፊልሞች ለማሽኑ ቀይ ዓይን ሰጡት፣ አስፈሪ አደረጉት፣ አስፎከሩት፤ ይሄኛው ግን ማሽኑን እንደ ማሽን ተወው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ወሬ የለበትም። ዋና መካኒኩ ባዶ ዋሻ ውስጥ ፋኖስ ይዞ ይሄዳል፣ አንድ የጠፋ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ የሚሰማው ጫማው ብቻ ነው። ጀማሪ አስተርጓሚ እዚህ ጋ ዝም ማለት አይችልም። ቡና ላይ እንደተቀመጠ ጎረቤት ያወራል። ጋሽ ማይክ ዝም ይላል። በዝምታው ይኮራል።

የፊልሙን ድካምም አይደብቅም። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ያለ ምክንያት ይስቃል፤ ሰው ሲሞት ይስቃል፣ መብራት ሲጠፋ ይስቃል፣ ብቻውን ሲሆንም ይስቃል። ሦስተኛው ማሽን ሲዞር ከሥሩ የሰው ጫማ ይታያል፤ አዳራሹ በየዓመቱ "ጫማ! ጫማ!" ብሎ ይጮኻል። ከሁሉም የባሰው ግን የመጨረሻው አርባ ደቂቃ ነው። መካኒኩ በድንገት ያኮርፋል። ሰው አያይም፣ አይመልስም፣ ማሽን ሲያፈርስ እንኳ ፊቱ አይፈታም። ምክንያቱ የማይታወቅ ኩርፊያ ደግሞ ተመልካች ያሰለቻል። ስለዚህ ጋሽ ማይክ በራሱ ቀልድ ይሸፍነዋል። "መንጋጋው አሞት ነው፤ ጣቢያው ላይ ጥርስ ነቃይ የለም" ይላል። ሰው ይስቃል። አርባው ደቂቃ ያልፋል።

ፊልሙ ቀዳዳ አለበት። ከእሱ በፊት የነበረው አስተርጓሚ ኳስ የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ቀን ጨዋታ ሊጀመር ሲል ባዶ ካሴት አጣና እጁ ላይ የገባውን አንስቶ መቅዳት ጀመረ። አስራ አንድ ደቂቃ ከቀዳ በኋላ አንድ ሰው ካሴቱን አይቶ ጮኸ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ጋሽ ማይክ ሥራውን ሲረከብ ፊልሙ እንዲህ ነበር፤ የጣቢያው ዶክተር ዋሻ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ቁስለኛ ላይ ጎንበስ ትላለች፤ ከዚያ ሃያ ሁለት ሰዎች ኳስ ያሳድዳሉ፤ ከዚያ መካኒኩ አንድ የብረት በር ተደግፎ ብቻውን ተቀምጧል። ዶክተሯ ከዚያ ወዲያ የለችም። በኋላ ፊልሙ ወደ ዲስክ ሲገለበጥ ኳሱን ቆርጠው ጣሉት። ቀዳዳው ቀረ።

ባስተረጎመ በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ልብስ ሰፊ ብድግ አለችና "ዶክተሯስ? የት ገባች?" አለች። አዳራሹ ዞሮ እሱን አየ። እሱም አላሰበም። ማይኩን ይዞ "አምልጣለች። በትንሿ መርከብ ወጥታለች፤ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው" አለ። ልብስ ሰፊዋ ተቀመጠች። ፊልሙ ሲያልቅ መካኒኩ ከጉድጓድ ወጥቶ ጥቁሩን ሰማይ ለሃያ ሴኮንድ ያያል፤ ቃል አይናገርም። ጋሽ ማይክ እዚያ ላይ "በሰላም ግቢ። እኔም እመጣለሁ" የሚል ጨመረ። ሴቶች አለቀሱ። ወንዶችም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልብስ ሰፊዋ በዓመቱ ሚስቱ ሆነች። ቃሉን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ፊልሙ ሲያልቅ አብረውት ይሉታል። አንድ ጊዜ በታክሲ የኋላ መስታወት ላይ ተጽፎ አይቶታል።

አሁን ሙሉው ቅጂ መጣ። የአዳራሹ ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏት፣ ባሏ ትቶላት የሄደውን አዳራሽ በራሷ ጉልበት የምታስተዳድር ሴት ናት። ቅጂውን ከሩቅ አገር አስመጣችና በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። "ሙሉው ጣቢያ አርባ! ያልታየው አስራ አንድ ደቂቃ! ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።" ጋሽ ማይክን ቢሮዋ ጠርታ ወንበር ሳታሳየው ተናገረች።

"አሁን ሰው ማንበብ ይወዳል። ከስር ጽሑፍ ማስገባት ይቻላል ብለውኛል። ቅዳሜን እንየውና እንወስናለን።"

"እርስዎ ምን ያስባሉ እትዬ?"

"እኔ ወንበሮቼ ሲሞሉ ነው የማስበው።"

ለዚህ ነው ረቡዕ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው።

የፊልም ማሳያውን የሚያንቀሳቅሰው የሥራ ባልደረባው ፊውዝ ይባላል፤ በትንሹም በትልቁም ስለሚቃጠል ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ማይክን በአዳራሹ ጓሮ ግድግዳ ሥር ሲመላለስ አገኘው።

"ምን ሆነሃል? ጉንዳን የገባብህ ትመስላለህ።"

"አየሁት።"

"እና? መርከቧ ታምራለች?"

"መርከብ የለም።"

ፊውዝ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። ጋሽ ማይክ ቆሞ ነገረው። አስራ አንዱ ደቂቃ በሥራ አስኪያጁ ይጀምራል። አንድ ገበታ ሰቅሎ፣ ማሽኖቹ ለምን ሙቀት እንደሚከተሉ በእንጨት እየጠቆመ ለአራት ደቂቃ ያስረዳል። ያስረዳው ነገር ሁሉ ከዚያ በፊት ታይቷል። ከዚያ ዶክተሯ ቁስለኛውን ትሸከማለች። ቁስለኛው ትኩሳት አለበት። ትኩሳቱ ማሽኖቹን ይጠራል። መካኒኩ ሠላሳ ሰዎች ይዞ በሩ ላይ ይጠብቃል። ዶክተሯ በሬዲዮ "መጣን፣ ትንሽ ጠብቁን" ትላለች። መካኒኩ ዋሻውን ያያል፣ ሰዎቹን ያያል። በሩን ይዘጋዋል።

"እሷ ወዲያ በኩል ሆና?"

"ወዲያ በኩል።"

"ሰውዬው! ይሄ መካኒክ አይደለም እንዴ ስንት ዓመት የኛ ልጅ ስንለው የኖርነው!" ፊውዝ ሲጋራውን መሬት ላይ ጣለና ረገጠው። ትንሽ ቆይቶ ቀዝቀዝ አለ። "ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? እንደ ልማድህ አሽሞንሙነው። ከኋላ ሌላ መውጫ አለ በላቸው።"

"ምስል ያሸንፋል።"

ይህ የሙያው ሕግ ነው። ምስልና ምላስ ሲጣሉ ምስል ያሸንፋል። አስተርጓሚ የፈለገውን ይጨምር፣ የፈለገውን ይቀንስ፤ ዓይን የሚያየውን ግን አይክድም። ሰውየው እየሞተ "ተኝቷል" ያለ አስተርጓሚ በማግስቱ ሥራ የለውም።

"ምስሉማ አይከለክልህም" አለ ፊውዝ። "የዋሻውን ጀርባ ያሳያል?"

ጋሽ ማይክ መመላለሱን ቀጠለ። አያሳይም። ካሜራው ሁልጊዜ ከመካኒኩ በኩል ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ስድስት ሴኮንድ ባዶ ቦታ አለ። "ዋሻው ከኋላ ክፍት ነው፤ ትንሿ መርከብ እዚያ ቆማለች" ለማለት ስድስት ሴኮንድ ይበቃል። ማታ ቤቱ በእጅ ሰዓቱ ሞከረው። አምስት ሴኮንድ ተኩል ወሰደ።

ሐሙስም አርብም ሞከረው። ይሠራል። እዚያ ላይ ነው እንቅልፍ ያጣው። ውሸቱ ባይሠራ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን ሌላም ነገር አይቷል። ከበሩ በኋላ ያለውን አርባ ደቂቃ፣ የኩርፊያውን፣ በሙሉው ቅጂ ሲያየው ሌላ ፊልም ሆኖበት ነበር። መካኒኩ የዳኑትን ሰዎች ፊት ማየት ያቅተዋል። አንዲት ሠራተኛ ውሃ ስትሰጠው ይቀበልና ሳይጠጣ ያስቀምጠዋል። መጨረሻ ላይ ሰማዩን የሚያየው የሚሸኘው ሰው ኖሮ አይደለም፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ቦታ ስላጣ ነው። ይሄ ሰው ጎበዝ ተዋናይ ነበር። ጋሽ ማይክ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ፊት ላይ ስለ መንጋጋ ሲቀልድ ነበር። የፊልሙ ድካም ብሎ ለሰው ሲያወራ የኖረው የራሱ ድካም ነው።

አርብ ከምሳ በኋላ ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። እሱ ጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ እግሩን ያንቀጠቅጣል።

"እግርህን ሰብስብ፤ ክሩ ተበጠሰ።"

ሰበሰበ። ወዲያው ደግሞ ጀመረ።

"ኧረ የኔ ጌታ፣ ውጣና ንፋስ ተቀበል። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ወላድ ድመት ቤቱን ዞርከው።"

"ሥራ ነው።"

"ሥራው አዲስ ነው? በእንቅልፍህ ስትለው አይደል የምሰማህ።" ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። "ጎረቤቶቹ ሁሉ ሊመጡ ነው። ባለ ሱቋም ትመጣለች፤ ከልጇ ጋር። መርከቧን ሊያዩ።" ቀና ብላ አየችው። "ትልቅ ናት?"

"ምኗ?"

"መርከቧ ነዋ! አይተሃት የለም እንዴ?"

"ነገ ታያለሽ።"

"ሞልቃቃ" አለችው፤ ሳቀችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እሱ ተነስቶ ወጣ። እስከ መናኸሪያው ሄዶ ተመለሰ። ሰዓቱን ሲያይ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር ያለፈው።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ወንበር ያጡ በግድግዳው ጥግ ቆሙ። ሚስቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ የሰፋችውን አዲሱን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ። እትዬ ከኋላ በሩ አጠገብ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ፊውዝ ከማሳያ ክፍሉ ትንሽ መስኮት አውራ ጣቱን አሳየው።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደ ወትሮው አለፈ። "ጫማ! ጫማ!" ተባለ። ከዚያ ዶክተሯ ቁስለኛው ላይ ጎንበስ አለች። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ዘመም አለ። ሁሉም እዚህ ጋ ምን እንደጎደለ ያውቃል።

ገበታው መጣ። ጋሽ ማይክ አንድም ቃል ሳይቀንስ አስተረጎመ። በሦስተኛው ደቂቃ አንድ ወፍራም ድምፅ "መምህር፣ ደወል ተደወለ!" አለ። ሰው ሳቀ። ጥቂቶች ወደ ሽንት ቤት ሄዱ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ።

ከዚያ ሩጫው። ዶክተሯ ቁስለኛውን ተሸክማ ስትመጣ አንዳንዶች ማጨብጨብ ጀመሩ። ሬዲዮው ተንጫጫ።

"መጣን" አለ ጋሽ ማይክ፣ በሷ ድምፅ። "ትንሽ ጠብቁን።"

መካኒኩ ዋሻውን አየ። ሰዎቹን አየ። እጁ ማንሻውን ያዘ። በሩ ወረደ።

ስድስቱ ሴኮንድ ተጀመረ። ጋሽ ማይክ አፉን ከፈተ። ዓረፍተ ነገሩ ምላሱ ላይ ነበር፤ ሦስት ቀን ተለማምዶታል። ወደ ሦስተኛው ረድፍ አላየም።

"ዘጋው" አለ። "እሷ ወዲያ በኩል ናት።"

ማይኩን አወረደና በግራ እጁ የፊልሙን ድምፅ ከፍ አደረገ። ብረት ሲንኳኳ ተሰማ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ የቁፋሮ ድምፅ ሸፈነው። መካኒኩ በሩን ተደግፎ ተቀመጠ።

ከዚያ አንዱ ከግድግዳው ጥግ "መርከቧስ?" አለ።

"ኧረ መርከቧ የታለች!"

"ተሳስተህ ነው የተረጎምከው፣ ጋሼ! መልሰውና እየው!"

"ምን ይመልሳል፣ ዓይን የለህም? ዘጋባት እኮ!"

"የማይረባ ሰው! እኔ ድሮም አልወደውም ነበር!"

"ትናንትና ሳትወደው ነው ልጅህን በሱ ስም የጠራኸው?"

ጋሽ ማይክ ማስተርጎሙን ቀጠለ። የመንጋጋውን ቀልድ አላነሳም። ሠራተኛዋ ውሃ ስትሰጠው አንዱ በልማድ "መንጋጋው አሞት!" ብሎ ጀመረ፤ የሳቀለት ስላልነበረ ተወው። አስር የሚሆኑ ሰዎች ወጡ። የቀሩት አልተንቀሳቀሱም። መጨረሻ ላይ መካኒኩ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሰማዩን ሲያይ ከዚህም ከዚያም ጥቂት ድምፆች "በሰላም…" አሉና ብቻቸውን መሆናቸው ሲገባቸው አቆሙ። ሃያው ሴኮንድ ረዘመ። መብራት በራ። ያጨበጨቡም ነበሩ፣ የተሳደቡም። አንዲት አሮጊት ማንንም ሳታይ አፍንጫዋን እየጠረገች ወጣች።

እትዬ ቢሮዋ ጠራችው። ዛሬ ወንበር አሳየችው።

"ግማሹ በጣም ወዶታል" አለች። "ግማሹ የድሮውን መልሱልን ብሎ በሬን ሊሰብር ነው።"

"ጽሑፉስ?"

"ጽሑፍ አያስፈልግም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሉውን ታስተረጉማለህ። እሁድ የድሮውን እናሳያለን፤ መርከብ ያለውን።"

"እትዬ፣ የድሮውን ከእንግዲህ አልሠራም።"

"ሥራ ማን አለህ? ጉሮሮህን ያመመህ ዓመት ፊውዝ ድምፅህን ቀድቶት የለም? እሱን እንለቀዋለን።" መነጽሯን አወለቀች። "እሁድ ዕረፍት አግኝተሃል ማለት ነው። አትከፋ።"

ወደ ቤት ሲሄዱ ሚስቱ አንድ እርምጃ ቀድማው ነበር። የመጀመሪያውን ቃል የተናገረችው በራቸው አጠገብ ሲደርሱ ነው።

"አስራ ዘጠኝ ዓመት።"

"ያኔ አላየሁትም ነበር።"

"'አላየሁትም' ማለት ያቅታል?"

"ሁሉም እያየኝ ነበር። አንቺም ቆመሽ ነበር።"

"አሁን ደግሞ በኔ አሳበብክ" አለችና ገባች። ራት አቀረበችለት። አብራው አልበላችም።

እሁድ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጫማዋን ስታደርግ አያት።

"ወዴት ነው?"

"ዶክተሯን ልሸኝ።"

ብቻውን ቀረ። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ የተበጠሰ ክር ከመሬት ለቀመ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሊቀበላት ወጣ። ፊልሙ ገና አላለቀም ነበርና በአዳራሹ በር ፊት ወዲያና ወዲህ አለ። ውስጥ የራሱ ድምፅ ይሰማል፤ ከሰባት ዓመት በፊት የተቀዳው፣ ከአሁኑ ወጣት የሆነው ድምፁ። ስለ መንጋጋ ሲቀልድ ሰማው። ሰው በኃይል ሳቀ። ቆይቶ አዳራሹ በሙሉ በአንድ አፍ "በሰላም ግቢ! እኔም እመጣለሁ!" አለ። የሚስቱን ድምፅ ሊለይ ሞከረ። አልቻለም።

በሩ ተከፈተ። ሰው እያወራ ወጣ። አንድ ሹፌር በሰው መሃል አየውና ትከሻውን መታ አደረገው።

"ጋሼ፣ ዛሬ ጥሩ ነበርክ! ትናንት ግን ምን ነካህ?"

"ዛሬ አልሠራሁም።"

"ብቻ በርታ" አለው ሹፌሩ፤ አልሰማውም።

ሚስቱ ከመጨረሻዎቹ ጋር ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ሲያያት ፊቷን አላዞረችም። ጎን ለጎን ሄዱ። የልብስ ንጽሕና መስጫውን አልፈው፣ የባለ ሱቋ ደጃፍ ሲደርሱ ጠየቀችው።

"ትናንት ጆሮዬን ይዤ ነበር። አንኳኩታለች?"

"ሁለት ጊዜ።"

"ከዚያስ በኋላ?"

በልማድ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው።

"አላውቅም" አለ። "ካሜራው የቆመው ከዚህ በኩል ነው።"

ሌላ ትጠይቀዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ከጎኑ መራመዷን ቀጠለች።